ጸጉር የሌለው አገዳ

መምህርቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምራ ጡረታ ስትወጣ ቤት መቀመጥ አልሆነላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ጀርባ ያለውን ኮረብታ መውጣት ጀመረች። መጀመሪያ ሁለት ጎረቤቶቿ ተከተሏት፤ ከዚያ ወሬው ወሬን እየወለደ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ከኋላዋ ይሰለፍ ጀመር። ሥራዋ ሌላ አይደለም፤ በእግር መንገዱ ግራና ቀኝ የበቀለውን አረም እያስቆመቻቸው ታሳያቸዋለች። ይሄ ሳማ ነው፣ አትንኩት። ይሄ ማገጥ ነው፣ ቅጠሉን ቁጠሩት፣ ሦስት ነው። ይሄ አስተናግር ነው፣ አበባው ያምራል፣ የበላው ግን ከራሱ ጥላ ጋር ሲጣላ ይውላል። ሁሉም “መምህርት” ይሏታል። ጋራዥ ያለው ታናሽ ወንድሟ ብቻ “ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ” እያለ ያበሽቃታል።

“አንድ ቀን በመተት ተከሰሰች ቢሉኝ አልደነግጥም፣ እታለም” ይላታል፣ እጁን በቡትቶ ጨርቅ እየጠረገ።

የዚያን ቅዳሜ አንድ አዲስ ሰው መጣ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ጣቶቹ የብረት ብናኝ ገብቶባቸው የጠቆሩ። “ቁልፍ ሠሪ ነኝ” አለ። “ቀኑን ሙሉ ቁም ሣጥን በምታህል ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ስለምውል ሐኪም ተራመድ አለኝ።” ከሁሉም ይልቅ የሚጠይቀው እሱ ሆነ። አንድ ተክል ባሳየቻቸው ቁጥር “ይሄስ ይበላል?” ይላታል። ሰዉ ይስቃል። “ይሄ ሰውዬ ቁርሱን ሳይቀምስ ነው የመጣው” አለ ጡረተኛው ፖስተኛ፤ ቁልፍ ሠሪውም አብሮ ሳቀ።

ከመንገዱ እኩሌታ ላይ የዱር ካሮት አገኙ። መምህርቷ ተንበርክካ አሳየቻቸው፣ እንደ ክፍል ውስጥ።

“ነጭ አበባው እንደ ዣንጥላ ነው። ቅጠሉ የተበጣጠሰ ነው። አገዳውን በጣታችሁ ዳብሱት፤ ጸጉር አለው አይደል? ሥሩ ካሮት ካሮት ይሸታል፣ ይበላል። ግን ስሙኝ፣ ይሄ ተክል መንታው የሚመስል ዘመድ አለው። የዚያኛው አገዳ ልሙጥ ነው፣ ሐምራዊ ጠቃጠቆ አለበት። እሱ ገዳይ ነው። ሳታረጋግጡ አንድም ነገር አፋችሁ እንዳታስገቡ።”

ይህን ሁሉ ብላለች። በኋላ ይህን ማለቷን መቶ ጊዜ ለራሷ ነግራለች።

ሲወርዱ ፀሐይዋ ጠንክራ ነበር። ላቡ መነጽሯን ስላደበዘዘባት አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች። ፖስተኛው ስለ ጉልበቱ ሕመም እየነገራት ነበር፤ እሷም በልቧ “ይሄ ሰው መቼ ነው የሚጨርሰው?” ትላለች። በዚህ መሀል ቁልፍ ሠሪው ከኋላ ደረሰባትና አንድ ቅርንጫፍ አሳያት።

“መምህርት፣ ይሄ እሱ ነው አይደል?”

ዞር አለች። ነጭ ዣንጥላ፣ የተበጣጠሰ ቅጠል። “አዎ፣ እሱው ነው። ጎበዝ!” አለችውና ቅርንጫፉን ተቀብላ የናሙና አቃፊዋ ውስጥ ሸጎጠችው። ከዚያ ወደ ፖስተኛው ጉልበት ተመለሰች።

ቤቷ ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። እንደ ልማዷ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግታ፣ መነጽሯን አጥባ አድርጋ፣ ያመጣቻቸውን ናሙናዎች አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። ጋዜጣ ውስጥ አስተኝታ፣ በሁለት ጣውላ መሀል አድርጋ፣ በጠፍር ትጠፍራቸዋለች። የቁልፍ ሠሪው ቅርንጫፍ አራተኛው ነበር። አውራ ጣቷ አገዳው ላይ አለፈ።

ልሙጥ ነው።

እጇ ቆመ። እንደገና ዳበሰችው፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። እንደ ብርጭቆ ይንሸራተታል። ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን አየችው፤ ሐምራዊ ጠቃጠቆ፣ ወይን ጠጅ የተረጨበት ይመስል። ቅጠሉን በጣቷ ጨፍልቃ አሸተተችው። ለዓመታት የተዘጋ፣ አይጥ የሸናበት ቁም ሣጥን ሽታ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ።

ክው አለች። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

“ጠየቀኝ እንጂ አልነቀለም” አለች ድምፅ አውጥታ። ባዶ ቤት ውስጥ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። ግን ወዲያው ትዝ አላት። ኮረብታው ግርጌ ሲሰነባበቱ ሰውዬው አብሯቸው አልነበረም። “እኔ ትንሽ ልቆይ፣ ቀድማችሁ ውረዱ” ብሎ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ፖስተኛውን ፌስታል ለምኖት ነበር። ባዶ ፌስታል! እሷ ደግሞ ሹራቡን ሊከትበት መስሏት ነበር።

ስልኳን አነሳች። ፖስተኛው ጋ ደወለች።

“ያ ቁልፍ ሠሪ፣ ቤቱን ያውቁታል?”

“ቤቱን እንኳ አላውቀውም። ሱቁ ግን መናኸሪያው ጀርባ ያለችው ሰማያዊዋ ናት። ምነው መምህርት፣ ቁልፍ ጠፋብዎት እንዴ?”

“አዎ” አለችና ዘጋችው። ለምን እንደዋሸች አላወቀችም።

የወንድሟ ጋራዥ ከቤቷ ሁለት መንገድ ነው የሚርቀው። ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ሮጠች፤ ቅርንጫፉን በጋዜጣ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛለች። ወንድሟ ከመኪና ሥር እግሩ ብቻ ይታያል።

“ውጣ! አሁኑኑ ውጣ! መኪና አምጣ!”

ሲወጣ ፊቷን አይቶ ቀልዱን ዋጠው። መንገድ ላይ ግን ጠየቃት። “እታለም፣ ምን ሆነሻል?”

“ጠዋት አብሮን የነበረ ሰው መርዝ ነቅሎ ሄዷል። ካሮት መስሎት።”

“ተሳስቶ?”

“ተሳስቶ” አለች። እውነት ነው፣ ተሳስቷል። የቀረውን ግማሽ እውነት ግን ምላሷ ሥር ደበቀችው።

ሰማያዊዋ ሱቅ ተዘግታለች። በሯ ላይ የጎበዝ ጡጫ የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በሩ ላይ የተጻፈውን ስልክ ቁጥር ደወለች፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ማንም አያነሳም። እንደገና ደወለች። በእያንዳንዱ ጥሪ መሀል ያለው ዝምታ እየረዘመ የሚሄድ መሰላት።

አጠገቡ ባለች ሱቅ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ ዐይናቸው ላይ መስታወት ሰክተው ጎንበስ ብለው ነበር። “ጎረቤቴን ፈልገሽ ነው ልጄ? ወደ ቤቱ ከሄደ ቆየት ብሏል። ደስ ብሎት ሲሄድ! ከጫካ በነጻ ካሮት አገኘሁ ይላል። ለእኔም አካፍሎኛል።”

ከሰዓቶቹ መሀል ሁለት ነጫጭ ሥሮች ተቀምጠዋል። ታጥበዋል። የጣት ውፍረት አላቸው። መምህርቷ ጮኸች፦ “አባባ፣ በልተዋል? ቀምሰዋል?”

ሽማግሌው መስታወቱን ከዐይናቸው አወረዱ። “በምን ጥርሴ? ማታ ቀቅዬ ልበላ ነው እንጂ።”

ሥሮቹን በጋዜጣው አፍሳ ወሰደቻቸው። “እጅዎን ይታጠቡ፣ ጠረጴዛውንም ይጥረጉ፣ መርዝ ነው!” ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን የራሳቸው እንዳልሆኑ ሁሉ ከሰውነታቸው አርቀው ያዙ። “ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ” አሉ፤ “ቢጫው ሕንጻ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሕፃን ሴት ልጅ አለቻቸው እኮ!”

ሕፃን ልጅ። እስከ ሦስተኛው ፎቅ ድረስ በጆሮዋ የሚጮኸው ይህ ብቻ ነበር።

በሩን የከፈተችው ሚስትየው ናት፤ ሽርጥ ታጥቃለች፣ እጇ እርጥብ ነው። ከኋላዋ ምድጃው ላይ ድስት ይንተከተካል። መምህርቷ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ገፍታት ገባችና እሳቱን አጠፋች።

“ማንም እንዳይበላ! ማን በላ? ማን ቀመሰ?”

“ኧረ እርስዎ ማን ነዎት?” አለች ሚስትየው ወደ ግድግዳው እየሸሸች።

“መምህርት!” አለ አንድ ድምፅ። ቁልፍ ሠሪው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ፈገግ ብሏል፤ ግን አፉን በመሐረብ ደጋግሞ ይጠርጋል፣ ምራቁ አልቆም ብሎታል። ጥቁሩ የዐይኑ ብሌን ሰፍቶ ሌላውን ቀለም ውጦታል። “ቤቴን እንዴት አገኙት? ይቀመጡ እንጂ። ስልጠው አንድ ሁለት ቀምሼ ነበር፣ አፌን አቃጠለኝ። የዱር ስለሆነ ነው አይደል?”

“መቼ ነው የቀመሱት?”

“ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።” እንግዳ ተቀባይ ሰው ነውና ወንበሩን ሊለቅላት ተነሳ። እግሩ ግን አብሮት አልተነሳም። ጠረጴዛውን ይዞ ተንገዳገደ፤ ያን ጊዜ ፈገግታው ጠፋ። “እግሬ... እግሬ የት ሄደ?”

“ልጅቷስ?” አለች መምህርቷ። “ልጅቷ የት ናት?”

ሚስትየው ወደ ሰገነቱ ሮጠች። ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጅ አሻንጉሊቷን የአበባ ማሰሮ ውስጥ እየተከለች ነበር። “አባዬ የሰጠሽን ካሮት በላሽው?” ልጅቷ የእናቷን ፊት ስታይ ማልቀስ ጀመረች። ያጠፋች መስሏታል። “መረረኝ። ተፋሁት። እዚህ ነው የተፋሁት” ብላ ማሰሮው ውስጥ ያለውን የታኘከ ነጭ ነገር አሳየች።

“ሁሉንም ተፋሽው? ትንሽ እንኳ አልዋጥሽም?”

“ትንሽዬ” አለች ልጅቷ፣ በሁለት ጣቷ መሀል ያለውን ክፍተት እያሳየች። የምስር ፍሬ ታክላለች። ወይም የአተር። ማን ያውቃል?

ወንድምየው ቁልፍ ሠሪውን በጀርባው አዝሎ ሦስቱን ፎቅ ወረደ። የሰውዬው እግሮች እንደ እርጥብ ልብስ ይንጠለጠላሉ። መኪናው ውስጥ ሚስትየው “ያንተ ያለህ፣ ያንተ ያለህ” ከማለት ሌላ ቃል አላወጣችም። መምህርቷ ልጅቷን ጭኗ ላይ አድርጋ የሰውዬውን ትንፋሽ ትቆጥር ነበር። የሚያስፈራት ማወቋ ነው። ይህ መርዝ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ እንደሚወጣ ታውቃለች። ደረት ጋ ሲደርስ ትንፋሽ እንደሚቆም፣ አእምሮ ግን እስከ መጨረሻው ነቅቶ ሁሉንም እንደሚሰማ ታውቃለች። ለስንት ተማሪ አስተምራዋለች፤ በፈተና ላይም አምጥታዋለች።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለቻቸው ሐኪም ወጣት ናት። መምህርቷ ጋዜጣውን ፈታ ቅርንጫፉንና ሥሮቹን አሳየቻትና የምታውቀውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ሐኪሟ አዳመጠች፣ ስልክ ደወለች፣ ተመለሰች።

“ማርከሻ የለውም” አለች። “መርዙ ከሰውነቱ እስኪወጣ ድረስ እንዲተነፍስ ማድረግ ብቻ ነው የምንችለው። ይህንን ማን ነገረው? ማን ነው ይበላል ያለው?”

መምህርቷ አፏን ከፈተች። ከአልጋው ላይ ግን ቁልፍ ሠሪው ቀደማት፤ ምላሱ ከብዶታል። “ማንም አላለኝም። እሷ በደንብ አስተምራናለች። እኔ ነኝ... ያልሰማሁት።”

አፏን ዘጋችው።

ትንሽ ቆይቶ ትንፋሹ እያጠረ ሲሄድ ቱቦ አስገብተው ከመተንፈሻ ማሽን ጋር አገናኙት። እነሱን ወደ ኮሪደር አስወጧቸው። እዚያ ሚስትየው የመምህርቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። “እርስዎ ባይደርሱልን ኖሮ ሦስታችንም አልቀን ነበር። እኔ ድስቱን ላወጣ ነበር እኮ! ውለታዎን በምን እከፍላለሁ?” ብላ እጇን ሳመቻት። የተሳመው ቦታ እንደ ፍም ፈጃት።

ሐኪሟ ልጅቷን መርምራ “ለጊዜው ደህና ናት፤ ግን አራት ሰዓት ያህል ከዐይናችሁ እንዳትለይ። እግሯ ከደከመ፣ ምራቅ ካበዛች፣ ወዲያው ጥሩኝ” ብላ ሄደች። ስለዚህ መምህርቷ ጨዋታ ፈጠረች። በየአምስት ደቂቃው “እስቲ እንደ ጥንቸል ዝለይ” ትላታለች። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ትዘላለች፤ መምህርቷ ጉልበቷን ታያለች። “እስቲ በአንድ እግር ቁሚ።” ትቆማለች። አንዴ ልጅቷ ተንገዳግዳ ስትወድቅ መምህርቷ ዘልላ ተነሳች፤ ልጅቷ ግን እየሳቀች ተነሳች፣ የጫማዋ ክር ተፈቶ ነበር። ከዚያ በኋላ መምህርቷ የልጅቷን ጫማ ክር ሁለት ጊዜ ለማሰር ሞክራ አቃታት። ሦስተኛው ላይ ታሰረ።

ወንድሟ ውኃ አምጥቶላት አጠገቧ ተቀመጠ። “አንቺ ምን አጠፋሽ? ራሱ ነው ያልሰማው። ራሱ እኮ ተናገረ።”

“አሳይቶኛል” አለች ቀስ ብላ። “ቅርንጫፉን አምጥቶ ‘እሱ ነው ወይ?’ አለኝ። ሳላየው ‘አዎ’ አልኩት።”

ወንድምየው ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። “ማን ሰማ?”

“እሱና እኔ።”

“እንግዲያ ሆድ ይፍጀው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እታለም። ሰውዬው ከሞተ...” አልጨረሰውም። ቀልደኛው ወንድሟ እንዲህ ፈርቶ አይታው አታውቅም። ለእሷ ነው የፈራው። እሷም ለራሷ ፈራች፤ ይህንን ማመን ከሁሉም በላይ አሳፈራት። ውስጥ አንድ ሰው በማሽን እየተነፈሰ እሷ ጎረቤት ምን ይለኛል፣ ፖሊስ ይመጣ ይሆን ብላ ታስባለች።

አሥር ሰዓት ገደማ ነርሷ ወጥታ “እስካሁን ለውጥ የለም” አለች። ሚስትየው ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ማጉረምረም ጀመረች። “ሁልጊዜ እንዲህ ነው። የሰው ነገር አይሰማም። ቸኩሎ ነው እንጂ፣ አንዴ ተመልሶ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? አንዴ ቢጠይቅ!”

መምህርቷ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ልጅቷን አስነስታ ወደ ወንድሟ ላከቻትና ሚስትየው ፊት ቆመች።

“ጠይቆኛል” አለች። “ባለቤትዎ ጠይቆኛል። አምጥቶ አሳይቶኝ፣ እሱው ነው ብዬዋለሁ። መነጽሬን አላደረግኩም ነበር። አላየሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

ሚስትየው መጀመሪያ የገባት አልመሰለም። ከዚያ ፊቷ ቀስ በቀስ ጠቆረ። ትጮህብኛለች ብላ ትጠብቅ ለነበረችው መምህርት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

“ለምንድን ነው የሚነግሩኝ? እርስዎን ቀሎዎት እኔን እንዲከብደኝ ነው?”

“እሱን አይውቀሱት ብዬ ነው።”

“እጅዎን ሳምኩ እኮ” አለች ሚስትየው። ሄዳ ልጇን ከወንድምየው እጅ ወሰደች። “እዚያ ማዶ ይቀመጡ። እንዳይሄዱ፤ ሐኪሟ ብትጠይቅ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ግን እዚያ ማዶ።”

መምህርቷ ማዶ ተቀመጠች። ለሐኪሟም ያንኑ ነገረቻት፤ ሐኪሟ ጻፈችው። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፦ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሁለቱም ሴቶች አንገት አብሮ ይቀናል፣ በሩ ሲዘጋ አብሮ ይሰበራል። ልጅቷ ምንም ሳትሆን መሸ። ስለ አባቷ ግን ማንም ምንም አላለም።

ለውጥ የታየው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ የእጁ ጣት ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ እግሩ። ማክሰኞ ቱቦውን አወጡለት። መምህርቷ በሩ ላይ ቆማ ለመግባት ስትፈራ ሚስትየው ራሷ “ይጠራዎታል” አለቻት፣ ፊቷን ሳታዞር።

ድምፁ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ይንቋቋል። “ሁሉንም እሰማ ነበር” አላት። “ዐይኔን መግለጥ አቃተኝ እንጂ ሁሉንም እሰማለሁ። አንዷ ነርስ ‘ይሄ ሰውዬ ለነገ አይደርስም’ አለች። አለሁ ልላት እፈልጋለሁ፣ ጣቴ አይሰማኝም። እንደዚያ ያለ ፍርሃት በሕይወቴ አላየሁም፣ መምህርት።”

አለቀሰች። “ለምን ሸፈኑልኝ? ጠይቀውኝ እንደነበር ያውቃሉ።”

“ፊትዎን አየሁት። ከእኔ በፊት እርስዎ የሚሞቱ መሰለኝ” አለና ሊስቅ ሞክሮ ሳል ያዘው። ሲያበቃ ግን ቁም ነገረኛ ሆነ። “ደግሞ የመንታውን ነገር ነግረውናል። ጣቴን ማሳረፍ ያቅተኛል? ቀኑን ሙሉ የቁልፍ ጥርስ በጣቴ የምለካ ሰው!”

ሚስትየው መስኮቱ ጋ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች።

መምህርቷ ሦስት ቅዳሜ ኮረብታውን አልወጣችም። ለሚደውልላት ሁሉ የሆነውን ከነጥፋቷ ትናገራለች፤ አንዳንዱ ያጽናናታል፣ አንዳንዱ ተመልሶ አልደወለም። ቤቷ ውስጥ ግን ድንገት እጇ ይቆማል፤ ስታበስል ቅጠል ሁሉ ያስፈራታል፣ ከገበያ የገዛችውን ካሮት እንኳ ሦስቴ አሽትታ ትጥለዋለች።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ሚስትየው ናት፤ ወፍራም የጎማ ጓንት ሁለት ጥንድ፣ አካፋና የማዳበሪያ ከረጢት ይዛለች።

“የሚበቅልበትን ያሳዩኝ” አለች። “የሰፈሩ ልጆች እዚያ ነው የሚጫወቱት።”

ወጡ። መምህርቷ አገዳውን፣ ጠቃጠቆውን፣ ሽታውን አሳየቻት። ኮረብታው ላይ ባለ ጅረት ዳር ዳር፣ ከመንገዱ ሥር በቅሏል፤ አንዳንዱ የሰው ቁመት ያክላል። ከነሥሩ እየቆፈሩ ከረጢቱ ውስጥ ይጨምራሉ። ረፋዱ ላይ ሚስትየው ብቻዋን አንዱን ለይታ “ይኸው!” ብላ ስትጮህ መምህርቷ ሮጣ ደረሰች፤ ትክክል ነበረች። ሁለቱም ጠቃጠቆውን አዩና አብረው ቆፍረው አወጡት።

ሲወርዱ ሚስትየው ከረጢቱን በአንድ በኩል፣ መምህርቷ በሌላ በኩል ይዘው ነበር።

“ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የሚወጡት?” አለች ሚስትየው።

“ተመልሼ የምጀምር ከሆነ... በአንድ ተኩል።”

“እኔ እመጣለሁ። ማወቅ አለብኝ።” ጥቂት እርምጃ ሄዱ። “ልጄን ግን አላመጣትም።”

“አያምጧት” አለች መምህርቷ።